ድንጋይ የለመደ ውሻ እጅ አያምንም

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። የደሴ እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

ዛሬ መስከረም 18 ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። የተጋበዝኩት ስለ ክትባት እንድናገር ነው፤ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እጃችን ላውራ።

በሰኔ ጦሳ ተራራ ስር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቡቺ ታስሯል፤ ገመዱ ሁለት ክንድ አይሞላም። ከአዲስ አበባ የመጣ የዘመድ ልጅ ዘው ብሎ ገባና "ቡቺዬ!" እያለ አናቱን ሊዳብስ እጁን ከላይ ሰደደ። ውሻው ጆሮውን ወደኋላ ለጠፈ። ከንፈሩን ላሰ። ፊቱን አዞረ። ይሄ ሁሉ "ተወኝ" ነው። ልጁ ጭራሽ አንገቱን አቀፈው! ቡቺ አጉረመረመ፤ እናትየው ልጇን በሸሚዙ ጎትታ አወጣችው። አንዱ ጎረቤት "ይሄ እብድ!" ብሎ ዱላ አነሳ። ኧረ ማነው እብዱ? እየለመነ ያልሰማነው ውሻ ነው?

እስቲ ሰፈራችን ውስጥ ጎንበስ በሉ፤ የጫማ ክር ለማሰር እንኳ ይሁን። ውሻው ጅራቱን ወትፎ ይፈረጥጣል። ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ እንደሚያነሳ ያስተማርነው እኛ ነን። ልጅ ውሻ ሲወግር "ጎበዝ!" የምንል እኛ፣ ሲነከስ "ውሻው ይገደል!" የምንል እኛ። አያሳፍርም ወይ?

ስለዚህ ባለቤቱን ጠይቁ። ራቅ ብላችሁ፣ በዝግታ ቁጢጥ በሉ፤ ባዶ እጃችሁ ይታየው። ጎናችሁን ስጡት፤ ዓይን ዓይኑን አትዩት። እሱ ይምጣ፣ ያሽትታችሁ። ከመጣ ደረቱን ወይም ከአገጩ ስር ዳሰስ አድርጉና እጃችሁን ሰብስቡ። መልሶ ከተጠጋ ወዷል፤ ከሸሸ በቃ። ጭራውን ስለቆላም አትዘናጉ፤ ሰውነቱ ደርቆ ከቆመ ራቁ። የሚበላ፣ የተኛ፣ ቡችላ ያላት አይነኩም። "ለሃጩ ነጃሳ ነው" ብሎ የማይነካም አለ፤ አይንካ፣ ብቻ አይውገር።

ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። "ነገ አያለሁ" የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ክትባቱ እዚያ ድንኳን ስር ነው። ውሻችሁን በሽቦ ሳይሆን በገመድ ይዛችሁ ተሰለፉ። ሲወጋ ባለቤቱ ብቻ ይያዘው። ልጆች፣ እናንተ ከዚህ ወዲህ ቁሙ።