ዳገቱን የሚወጣው ጫማው ነው

ደህና አመሻችሁ ወገኖቼ።

አብዛኞቻችሁ ሯጮች ስለሆናችሁ መግቢያ አላበዛም። ኦስትሪያ ውስጥ ኪትስቢውል የምትባል ከተማ አለች። ሽትራይፍ የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ መስመሯ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው። ርዝመቱ 3,312 ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች የከፍታ ልዩነቱ 860 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኦስትሪያዊው የሸርተቴ ተወዳዳሪ ፍሪትስ ሽትሮብል በ1 ደቂቃ ከ51.58 ሰከንድ ወርዶታል።

እኔ ግን የመጣሁት ስለሚወጡት ላወራ ነው። በዚያው መስመር ላይ በምሽት፣ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው ሽቅብ የሚሽቀዳደሙ አሉ። ውድድሩን ቨርቲካል አፕ ይሉታል። ሕጉ አጭር ነው፦ በራስህ ጉልበት ከታች እስከ ላይ። ምን መጫማት እንዳለብህ ማንም አይነግርህም። ምርጦቹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል።

አሁን የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። የዚህ አስፈሪ ዳገት ጫፍ 1,665 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል! እንጦጦ ላይ ለሮጠ ሰው አየሩ ምንም አይደለም። በረዶ የኛ አይደለም የሚል ካለ ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ ያቺ ሰበብ እዚህ አዳራሽ አትሠራም።

ችግሩ እግር ሥር ነው። ለሸርተቴ ውድድር ሲባል በረዶው ውስጥ ውኃ ስለሚገባ መስመሩ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ተራ የሩጫ ጫማ እዚያ ላይ አይቆነጥጥም። በአንድ እርምጃ ያገኛችሁትን በሚቀጥለው ትመልሱታላችሁ።

ምርጫው ሦስት ነው እንበል። አንደኛው ሶሉ ላይ አጫጭር የብረት ጥርስ የተተከለበት የሩጫ ጫማ። ቀላል ነው፣ ያስሮጣል። ሁለተኛው በላስቲክ ተወጥሮ ከጫማ በላይ የሚጠለቅ፣ ሰንሰለትና ጥርስ ያለው። ሦስተኛው ተራራ ወጪዎች የሚያስሩት ክራምፖን ነው። ረጃጅም ጥርሶቹ የትም ይሰካሉ፤ ግን ይከብዳል፣ ለስላሳ ጫማ ላይ ይላላል፣ ካልተጠነቀቁም የሱሪ ጫፍ ይዞ ይጥላል።

የትኛው ይሻላል? መስመሩ ራሱ ያጣላችኋል። ገና ከመነሻው ዳገት ነው። ሃውስበርግ የሚባለውን የመስመሩን ክፍል ጨርሳችሁ ዛይድልአልም ወደሚባለው ቦታ ስትጠጉ ይለዝባል። ከዚያ በላይ ሜዳ መሰል ቦታ አለ፤ ባለ አጭር ጥርሱ እዚያ ይበራል፣ ባለ ክራምፖኑ እየተንኳኳ ይከተላል። ደስ ብሏችሁ ሳትጨርሱ ሽታይልሃንግ የሚባለው ቀጥ ያለ ዳገት ይመጣል። በመጨረሻ ደግሞ ማውዘፋለ የሚባለው ክፍል፣ 85 በመቶ ዳገት፣ ማለትም 40 ዲግሪ ገደማ። እዚያ ባለ ክራምፖኑ ቀስ ብሎ ያልፋችኋል። የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ለሩጫ ሰው እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ላስቲኩ ግን ጥብቅ መሆን አለበት፤ ዳገት መሃል ዞሮ ጎን ላይ ከወጣ የለም ማለት ነው።

ሌላው ነገር፣ እባካችሁ ሁሉንም አትሩጡ። ዳገቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ ካለፈ መራመድ ከመሮጥ ያነሰ ጉልበት ይበላል። የሽትራይፍ አማካይ ዳገት 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ልክ ወሰኑ ላይ። ስለዚህ ሲለዝብ ሩጡ፣ ዳገቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ተራመዱ። ስትራመዱም እጃችሁ ሥራ ይያዝ፤ ሁለት ዱላ ካላችሁ ባታችሁ ያመሰግናችኋል። በጣቶቻችሁ ጫፍ ብቻ አትውጡ። ቦታው ከፈቀደ እግራችሁን አዙራችሁ ሁሉም ጥርሶች እንዲነክሱ አድርጉ።

ደረቅ ሹራብም ያዙ። ላብ እንዳለባችሁ ጫፍ ላይ ከቆማችሁ ብርዱ ወዲያው ይገባል።

ሦስቱንም ዓይነት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። እያነሳችሁ ሞክሩ፤ ክራምፖኑን ግን የአዳራሹ ወለል ላይ አትርገጡበት፣ ባለቤቱ እያየን ነው። ጥያቄ ያለው ይምጣ።