ልጁን ለእናቱ ስጧት

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ እንኳን ለጡት ማጥባት ሳምንት በሰላም አደረሳችሁ።

የተጠራሁት ስለ ጡት ወተት ጥቅም እንድናገር ነበር። እሱን ግን ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቅ የለም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ፤ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት ዞረው አስተምረውናል። እኔ የመጣሁት በኦፕራሲዮን ስለምትወልደው እናት ልናገር ነው። እሷ ተረስታለች።

አዋላጅ ነኝ። የመጨረሻ ልጄን የተገላገልኩት ግን በኦፕራሲዮን ነው። የደነዘዝኩት ከወገቤ በታች ነው፤ ነቅቻለሁ፣ ልጄ ሲያለቅስ እሰማለሁ። አንዴ ፊቴ ላይ አስጠጉልኝና ጠቅልለው ወሰዱት። «አምጡልኝ ላጥባው» ስል «አይዞሽ፣ መጀመሪያ አንቺ ዕረፊ» አሉኝ። እኔ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ጣሪያ አያለሁ፤ አማቴ ኮሪደር ላይ በጋቢያቸው ሸፍነው ታቅፈውታል። የሐምሌን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጁ ሲያለቅስ አንዷ አስታማሚ ስኳር በጥብጠው በማንኪያ አቀመሱት። ሌላዋ ደግሞ «በኦፕራሲዮን የወለደች ወተት የላትም፤ የቆርቆሮ ግዙ» አሉ። አመሻሽ ላይ ሲያመጡልኝ ተኝቷል። ጡቴን አፉ ላይ ባደርገው፣ ጉንጩን ብነካካው፣ አልከፍት አለ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወተት የላትም ያለው ማነው? ከኦፕራሲዮን በኋላ ወተቱ እስኪሞላ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። እንገሩ ግን አለ፤ ቢጫው፣ ወፍራሙ። ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ጨቅላ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚበቃው የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። መንዝ ላይ ጥጃን እንገር የሚከለክል ባለ ከብት አለ? ለጥጃ ያልነፈግነውን ለልጃችን እንነፍጋለን?

ወተት የሚመጣው ሲጠባ ነው! ልጁን ከእናቱ ለይቶ አውሎ ወተት አልመጣም ማለት ምን የሚሉት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ ሲል «በኦፕራሲዮን ከሆነ ይቅር» አላለም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ወገቧ የደነዘዘ እናት እዚያው ማጥባት ትችላለች። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደችም ነቅታ መናገር ስትችል ልጇ ደረቷ ላይ ይደረግላት። ገላ ለገላ ሲሆኑ ብርዱንም ይረሳዋል።

ቁስሉ ያማል፣ አውቀዋለሁ። በጎኗ ተኝታ ታጥባው፤ ወይም እግሩን ወደ ኋላ አድርጋ በብብቷ ስር ትያዘው፣ ቁስሉን አይነካትም። ማስታገሻ ስትወስድ «ወተቱን ይመርዘዋል» እያላችሁ አታስፈራሯት፤ የሚታዘዝላት እንደምታጠባ ታውቆ ነው።

ባሎች፣ አጠገቧ ሁኑና ልጁን አቀብሏት፤ ብቻዋን መነሳት አትችልም።

የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ እናንተን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከኦፕራሲዮን ክፍል የሚወጣ ልጅ ወደ እናቱ እንጂ ወደ ኮሪደር አይሂድ። በየተራው፣ በተለይ ሌሊት፣ ጡት የሚያስይዝላት አንድ ባለሙያ ይመደብ።

አመሰግናለሁ።