ስሙን ሳታውቁ አትቁረጡት

አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ።

የተጠራሁት ስለ አዲሱ የአፕል ችግኝ አተካከል እንድናገር ነው። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አሮጌዎቹ ዛፎች ስሙኝ፤ እውነቱን ለመናገር የመጣሁትም ለእነሱ ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮጀክት መጥቶ በሄደበት ደጋ፣ አጥሩ ወድቆ ሣር የዋጠው ማሳ ውስጥ የቆሙት ናቸው። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት በፀሐይ ነጥቶ ከረገፈ ቆይቷል። ምንድን ነው ሲባል "አፕል ነው" ይባላል። የቱ አፕል?

በማሽላ እንዲህ አይደለንም። የወሎ ገበሬ ደገሌት፣ ጅጉርቲ፣ ወተት በጉንጬ ብሎ አንዱን ካንዱ ይለያል። ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ከወሎ የሄደ ማሽላ ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሌላው እንደሚበልጥበት ሲያረጋግጡ፣ እኛ ጋ ስም ወጥቶለት እሸቱ ሲበላ ኖሯል። ታዲያ አፕል ላይ ስንደርስ ምን ነካን?

ኩታበር አካባቢ አንድ አባት አሉ። ዛፋቸው በየዓመቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ያብባል፤ ፍሬው ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም። ችግኙን ያመጡት ሰዎች "ትከሉ" ብለው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። እኔ ስደርስ መጥረቢያው ተስሏል። "አባባ፣ እባክዎ አንዴ ይታገሡኝ" አልኩና ጫፉ ላይ የቀረችውን ፍሬ አወረድን። ትልቅ ናት፤ አረንጓዴዋ ወደ ቢጫ የሚሄድ፣ ፀሐይ ባገኛት በኩል ትንሽ የቀላች። ወገቧ ላይ ስንቆርጣት አምስቱ የዘር ቤቶች ኮከብ ሠርተው ታዩ፤ ገሚሶቹ ባዶ፣ የተገኙትም ዘሮች የተጨማደዱ። ሙትሱ የሚባለው ዝርያ ጠባዩ ይሄ ነው። የእሱ የአበባ ብናኝ ለራሱም ለጎረቤቱም አይረባም፤ አጠገቡ እኩል የሚያብብ ሌላ ዝርያ ካላገኘ ባዶውን ይኖራል። ስንት ዓመት ሙሉ ነው እኚህ ሰው ውኃ ሲያጠጡ የኖሩት! ከተተወው ማሳ፣ እስካሁን ስሙን ካልለየነው ግን እኩል ከሚያብብ ዛፍ፣ ቅርንጫፍ ወስደን እዚያው ላይ አዳቀልንለት። አሁን ያፈራል።

በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ቤንስኮተር የሚባል ጡረታ የወጣ የኤፍቢአይ መርማሪ በዋሽንግተንና በአይዳሆ የተተዉ ማሳዎችን እየዞረ ፍሬ ይሰበስባል። ባለሙያዎች ፍሬውን ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ ከተሣሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥዕሎችና ከድሮ መጻሕፍት ጋር ያመሳክሩታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ጠፉ የተባሉ 10 ዝርያዎች መገኘታቸው ተነግሯል። እነሱ መቶ ዓመት ያለፈው ዛፍ ሲፈልጉ እኛ የትናንቱ ጠፋብን!

የዛፉን ስም ፍለጋ ማንም ሊጀምረው ይችላል። አንድ ፍሬ ብቻ አትያዙ፤ ከፀሐዩም ከጥላውም በኩል የበሰሉ ብዙ ፍሬዎች ውሰዱ። ከጭራው በኩል፣ ከታች፣ ከጎን፣ ከዚያም ተቆርጦ ፎቶ አንሱ። መቼ እንዳበበና መቼ እንደበሰለ ጻፉ። ፎቶ ሲያወላውል የዲኤንኤ ምርመራ አለ፤ ለሱ ቅጠል ይበቃል። ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ እሱ የሚፈለግ ስም የለውም፣ ጣዕሙ ደህና ከሆነ እናንተው አውጡለት። ላይ የተዳቀለው ሞቶ ከሥር ያለው ግንድ ያቆጠቆጠም ይኖራል፤ እሱም የምንፈልገው ዝርያ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይቁም። ስም የሌለው ችግኝ ለገበሬ ማደል ይቁም! ቁጥሩ ለሪፖርት ይጠቅም ይሆናል፤ ገበሬው ግን መሬቱን፣ ጉልበቱንና ዓመቱን ነው የሚከፍለው። ማን ነው ይህን የሚመልስለት? ስሙን የማይነግራችሁን ሰው ችግኙን መልሱለት!

ስለ አዲሱ ችግኝ፦ የተዳቀለበትን ቦታ፣ ማለት ቅርንጫፉና የሥሩ ግንድ የተጋጠሙበትን፣ አፈር አታልብሱት፣ እኩል የሚያብቡ ሁለት ዝርያዎች አቀራርባችሁ ትከሉ። ዝርዝሩን ልጆቹ ማሳ ላይ ያሳዩዋችኋል።

አሮጌ ዛፍ ያላችሁ በር ላይ ተመዝገቡ። የጎረቤታችሁንም አስመዝግቡ፤ እስክንደርስ ድረስ መጥረቢያ አይንካው።