ማን ነው የጮኸው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የሐዋሳ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐይቁን ትታችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጣሁት ሶፍትዌር ከሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ከጻፈው ጽሑፍ፣ ስንገነባ ስለሚገጥመን የላይብረሪ ጣጣ ላወራችሁ ነው። ላይብረሪ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሥራ ጀምረው የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ያንገበግበኛል።

የራሴን ልንገራችሁ። እኔና ጓደኛዬ ያረጁ የአማርኛ መጻሕፍትን ስካን አድርገን ወደ ጽሑፍ ልንቀይር ተነሳን። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ከሶርስ ልንገነባው ስንጀምር «ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ ቆመ። ሌፕቶኒካ ቴሰራክት ምስል የሚያነብበት ላይብረሪ ነው። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ለመገንባት ግን ላይብረሪው ብቻውን አይበቃም። ስሙ «ዴቭ» ብሎ የሚያልቀው ፓኬጅም መጫን አለበት፤ የላይብረሪውን ይዘት ለሚገነባው ኮድ የሚያስተዋውቁት ሄደር ፋይሎች ያሉት እዚያ ነው። ጫንነው፣ አለፈ። እንዲገነባው «ሜክ» አልን፣ ቀጥሎ እንዲጭነው «ሜክ ኢንስቶል»። አንድም ስህተት የለም። ፕሮግራሙን ስናስነሳው ግን የቴሰራክትን ላይብረሪ መክፈት አልቻልኩም፣ እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለን። ብንፈልገው ዩኤስአር፣ ሎካል፣ ሊብ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል። እያየነው የለም ይለናል!

ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ እንደገና ገነባነው። ኡቡንቱን ራሱን አጥፍተን ልንጭን ስንል ዳታችን አለቀ። መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ። ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚያመጣለት ሎደር ዲስኩን ሁሉ አያስስም። የሚያየው አስቀድሞ የተዘጋጀ መዝገብ ነው። ኤልዲኮንፊግ የሚያድሰው ያንን መዝገብ ነው፤ እኛ ደግሞ አላደስነውም።

ያ ሁሉ ድካም የመጣው ማን እንደጮኸ፣ ማለትም ስህተቱን የነገረን ማን እንደሆነ፣ ስላልጠየቅን ነው። የሚጮኹት ሦስት ናቸው፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለሩ፣ የተቀየሩትን ቁርጥራጮች ከላይብረሪዎች ጋር የሚያገጣጥመው ሊንከሩ ወይም ቅድም ያልነው ሎደሩ። ኮምፓይለሩ ሄደር አጣሁ ካለ የዴቭ ፓኬጁን ፈልጉ። ሎደሩ ከሆነ ደጋግሞ መገንባት ዋጋ የለውም። «ኤልዲዲ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ስጡት፤ የጠፋውን ላይብረሪ ለይቶ ይነግራችኋል።

ሊንከሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚለው እሱ ነው። ኮዳችሁ አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ በስሙ ጠርቷል፤ ሊንከሩ ግን ፈንክሽኑ ያለበትን አላገኘም። ብዙ ጊዜ ላይብረሪውን ጭራሽ ሳንነግረው ቀርተን ነው። አንዳንዴ ግን ነግረነውም ይጮኻል። ያኔ ቅደም ተከተሉን እዩ። ሊንከሩ የሰጠነውን የፋይልና የላይብረሪ ዝርዝር ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ኮዱ ተቀድቶ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው ስታቲክ ላይብረሪ ጋ ሲደርስ እስከዚያ ድረስ የተፈለገውን ብቻ ይወስዳል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ምን እንደሚገዛ ሳይነገረው ገበያውን አቋርጦ ያለፈ ልጅ ማለት ነው፤ ሽንኩርት መፈለጉን የሚሰማው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የእናንተ ፋይል ይቅደም፣ ላይብረሪው ይከተል።

ሲ ፕላስ ፕላስ የምትጽፉ ደግሞ፣ በጠፋው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ካለ ልብ በሉ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5ኛ ቅጂው ጽሑፍ የሚይዘውን የስትሪንግን ውስጣዊ አሠራር ቀይሯል። ምናልባት ከኮዳችሁና ከላይብረሪው አንዱ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ተገንብቷል። ሁለቱንም በአንድ ኮምፓይለር መልሳችሁ ገንቡ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የላይብረሪው የቅጂ ቁጥር አልገጥም ሲል በሌላ ቁጥር ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ስም፣ ፈጥራችሁ ሎደሩን አታታልሉት። ቁጥሩ የተቀየረው ውስጡ ስለተቀየረ ነው። ፕሮግራሙ ይነሳ ይሆናል። ግን መሃል ላይ ሊወድቅ፣ ይባስ ብሎም የተሳሳተ ውጤት ሊሰጣችሁ ይችላል።

በሉ፣ አልገነባ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበር። ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። ስክሪኑን ወደ ላይ መልሱና የመጀመሪያውን ስህተት ፈልጉ፤ የመጨረሻውን አይደለም። መስኮቱ ጋ ያለሽው እህቴ፣ ካንቺ እንጀምር። ምን ይላል?