ዘንዶውን ተዉት

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ማይኩ እምቢ ካለ እጮኻለሁ። ጩኸቴን እንደሆነ ለምዳችሁታል።

አዘጋጆቹ 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሰዓት የሚይዘው ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እንደዚያ አትየኝ፣ ገና መጀመሬ ነው። የዘንድሮው የጽሑፍ ውድድራችን ስለ ስግብግብነት ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ጠረጴዛ ዙሪያ ለምንጫወተው ጨዋታ የምናብ ጀብዱ እንዴት እንደሚጻፍ አስረዳ ተብያለሁ። ልማዱ መጀመሪያ እንግዶችን ማመስገን፣ ቀጥሎ ሐዋሳን ማመስገን ነው። ሁለታችሁም ተመስገኑ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

11 ረቂቆች ገብተዋል። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ከ11ዱ በ9ኙ ውስጥ ዘንዶ አለ። ዘጠኝ ዘንዶ! ዘጠኙም ዋሻ ውስጥ ናቸው። ዘጠኙም ወርቅ ላይ ተኝተዋል። ዘጠኙም መጨረሻ ላይ ይገደላሉ። አንደኛው እንዲያውም ነፍሱ ከመውጣቷ በፊት ስለ ገንዘብ ከንቱነት ገጽ ሙሉ ያወራል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዘንዶ ወርቅ ምን ያደርግለታል? ገበያ አይወጣ። ልጅ አይድር። የቤት ኪራይ አይጨመርበት። ሌላም ልጠይቅ። ዘንዶው ከሞተ በኋላ ወርቁ የት ገባ? እኛው ተካፈልነው። «ለእኔ ጨመር አድርጉልኝ፣ ጦሩን የሰካሁት እኔ ነኝ» እየተባባልን፣ ተጨቃጭቀን ተካፈልነው። ታዲያ ስግብግቡ ማን ሆነ? ተኝቶ የነበረው ነው ወይስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ገድሎ የዘረፈው?

እዚህ ጋ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። እሺ፣ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጓደኛ ጎትቷችሁ ለመጣችሁ በአጭሩ ልንገር። ጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። «በሩን እከፍታለሁ» ትላለህ፣ ዳይስ ትጥላለህ፣ የሆነው ይሆናል። በቃ ይኸው ነው። ቀሪውን ስትቀመጡ ትለምዱታላችሁ።

የዚህ ሁሉ አያት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። በዚያን ጊዜ የነበረውን አንድ ደንብ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ገጸ ባህርይህ የሚያድገው በልምድ ነጥብ ነው አይደል? ነጥቡ በብዛት የሚገኘው ጭራቅ በመግደል አልነበረም። ወርቅ በማውጣት ነበር። አንድ ወርቅ፣ አንድ ነጥብ። ብልህ ተጫዋች ታዲያ ጭራቁን ምን በወጣው ይገጥማል? በጓሮ ዞሮ፣ ሳጥኑን ይዞ ውልቅ። ያ ደንብ ቦታውን የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛው እትም ነው፤ እዚያ ከፈለጋችሁ የምትጠቀሙበት አማራጭ ሆኖ ቀረ።

ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ያ ደንብ ማንንም «ስግብግብ ሁን» አላለም። ወርቁን ከእድገት ጋር አሰረው፣ አበቃ። ሰው ራሱ ሮጠ። ስግብግብነትን መጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እዚያ ነው፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው እጁን እንዲዘረጋ የሚያደርገው ምንድን ነው?

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእናንተ ረቂቅ ግን ገደሉን በሦስት ገጽ ይተርካል፤ ሳሩን በአንድ መስመር። «በዋሻው ውስጥ ብዙ ወርቅ ነበር።» ይህ ሳር ነው? በሬ እንኳ ለዚህ አይሞትም! ሳሩ ይለምልም። ጤዛው ይታይ። እኔ ራሴ ሳነበው ጎንበስ ልበል።

ሳሩ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ መልሱ እዚሁ ቋንቋችን ውስጥ አለ። ስስታም ስንል ስድብ ነው። አያቴ ግን ለእኔ ትሳሳልኝ ነበር። ዝናብ እንዳይነካኝ፣ ሰው ክፉ እንዳይናገረኝ፣ የመጨረሻዋን እንቁላል ሌላ እንዳይበላብኝ። «ስሳሳለት» ስትል ፍቅሯን መናገሯ ነው። ቃሉ ግን ያው ስስት ነው። ለሚወዱት ነገር መሳሳትና ከሌላ ሰው አፍ መንጠቅ ጎን ለጎን የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አጥራቸውም ዝቅ ያለ ነው። ጀብዱውን ከዚያ አጥር ጀምሩ። ክፉ ሰው አያስፈልጋችሁም። የሚሳሳለት ነገር ያለው ሰው ይበቃል።

አሁን ያን የሽምብራ ነገር ላንሳ። ገና ከአሁኑ የሚስቁ አሉ።

ባለፈው ክረምት አምስት ሰው አስቀምጬ አንድ ጀብዱ መራሁ። መንደሯ በሐይቅ ዳር ናት። አምስቱም ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሐይቁ ጠባቂ አለው፤ ዘንዶ ሳይሆን አባ ኮዳ። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ የዓሣ አንጀት እየጠበቀ የሚቆመውን ትልቅ ወፍ፣ ራሰ በራውን አባ ኮዳ አስቡ። ምንም አይናገርም። ቆሞ ያያል። ደግሞ አሞራ ገደል አፍንጫችን ሥር ሆኖ ዘጠኝ ሰው ከሌላ አገር ዘንዶ ያስመጣል፤ እሱም አናዶኛል፣ ግን ልለፈው።

ዓሣዎቹ ሽምብራ ናቸው። መጀመሪያ የተቆላ ሽምብራ አመጣሁ። ስህተት ነበር። ገና ደንቡን ሳስረዳ ከ20ው ዓሣ ሦስቱ ተበልተው አገኘሁ። ማን እንደበላ አልናገርም፤ አሁንም እያኘከ ነው። በጥሬ ሽምብራ ቀየርኩት።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጥቁር ፌስታል ውስጥ 20 ሽምብራ አለ። ሌሊት ሲሆን እያንዳንዱ በተራ እጁን ከትቶ የፈለገውን ያህል ያወጣል። ማንም አያይም። ሲነጋ የቀረውን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ከ20 ግን አያልፍም። ሁሉም ሁለት ሁለት ቢወስድ አስር ይቀራል፣ ጠዋት 20 ይሆናል። እስከ ዕድሜ ልክ መኖር ይቻላል። ሒሳቡን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ምንም የደበቅኩት የለም።

ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ብጣሽ ወረቀት በድብቅ ሰጠሁ። አንዷ ልጇ ታማለች፣ መድኃኒተኛው ዓሣ ጨምሪ ብሏታል። አንዱ ሠርግ ደግሷል። አንዱ የሟች ወንድሙ ዕዳ አለበት። አንዱ ጀልባው ተሰንጥቃለች። አምስተኛው ምንም ችግር የለበትም። ወረቀቱ ላይ «ደህና ነህ» የሚል ብቻ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ሌሊት 9 ቀረ። አንድ ሰው ሦስት ወስዷል ማለት ነው። 18 አደረግኩት። ሁሉም ተያየ። ሁለተኛው ሌሊት 5 ቀረ። 10 አደረግኩት። አሁን የሚያወራ ሰው የለም። ዳይስ እንኳ አልተጣለም። ሦስተኛው ሌሊት አራቱ እጃቸውን ከተው አወጡ። አምስተኛው ሲከት ፌስታሉ ባዶ ነው። እጁን እዚያው ውስጥ አድርጎ ዝም አለ። ያ ልጅ በሁለቱም ሌሊት ሁለት ሁለት ብቻ የወሰደ ነበር።

ከአራቱ መካከል ሦስት ሽምብራ ያልወሰደ አልነበረም። አንዳንዱ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረገው። እያንዳንዱ «አንድ ብጨምር ምን ይሆናል፣ ደግሞ ለልጄ ነው» ብሏል። አባ ኮዳው በርሮ ሄደ አልኩና ጨዋታውን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ታስታውሳላችሁ። ሁለት ሰዎች «አታለልከን» አሉኝ። አንዱ «ለስብከት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለ። ለአንድ ዓመት ዝም ብያለሁ። ዛሬ ማይኩ እኔ ጋ ነው። ወዳጆቼ፣ ምን ሰበክኳችሁ? ሦስት ሌሊት ሙሉ ቃል አልተናገርኩም! ሒሳቡን ነግሬያችኋለሁ። ፌስታሉን ይዣለሁ። እጃችሁን የከተተው ማን ነው? ዘንዶው ሲሰበክለት ደስ ይላችኋል፤ ፌስታሉ ወደ እናንተ ሲዞር ስብከት ሆነ?

እሺ። በረድኩ። ውሃ አለ?

ጨዋታውን ያሻሻለልኝ ንዴቴ ሳይሆን ማንበቤ ነው። ጋሬት ሃርዲን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት መጨመር ያዋጣዋልና። የእኔ ፌስታል ማለት ነው። በኋላ ኤሊኖር ኦስትሮም መጣች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ዓሣ አጥማጁን፣ መስኖ የሚጋራውን፣ ደን የሚጠብቀውን ሁሉ ስታጠና፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ለረጅም ጊዜ የኖሩባቸውን ቦታዎች አሳየች። እንደ እኔ ፌስታል ባሉ ሙከራዎችም ሰዎች እንዲነጋገሩ ሲፈቀድላቸው ውጤቱ ይሻላል።

እኔም ለሌላ ቡድን ስመራው ከሌሊቱ በፊት ሐይቁ ዳር አስር ደቂቃ እንዲነጋገሩ ፈቀድኩ። ስምንት ሌሊት ቆዩ! ጨዋታው የጣፈጠውም ያኔ ነው። ማን ይቁጠር? ቆጣሪውን ማን ይቆጣጠር? የታመመች ልጅ ላላት ሦስት እንፍቀድ ወይ? ብንፈቅድ ነገ ስንት ልጅ ይታመማል? ስድስተኛው ሌሊት ላይ ቆጣሪው ራሱ ተጠረጠረ። እንዲህ ያለ ክርክር ዘጠኝ ዘንዶ ቢደመር አያመጣም።

ይህ ደግሞ እዚህ ሐይቃችን ላይ ተረት አይደለም። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ይወጣል። የሚጥለውም ሰው ጭራቅ አይደለም፤ ማታ ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ዘንዶ ከሌለባቸው ሁለት ረቂቆች አንዱ ይህ ገብቶታል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ከዚያች አንዲት ነገር ተነስቶ፣ ተቀብሎ የማይሰጥ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን ጻፈ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዳኝነቱ አላለቀም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቱ ቀልቷል።

ስለ ስግብግብነት ካነሳን አይቀር የዳይስ ሳጥናችንን ላንሳ። አዋጥተን ሦስት ሙሉ ስብስብ ገዝተን ነበር። በአንዱ ሰባት አለ፣ ሲደመር 21። ትናንት ቆጠርኩ። 13። ሌባ አለ አላልኩም። «ቤት ልለማመድበት» ብሎ የወሰደ አለ፤ ለታናሽ ወንድሙ ሊያሳይ የወሰደ አለ። ሁሉም ምክንያት አለው፣ ሁሉም ምክንያት ጥሩ ነው። ባለሃያ ገጹ ግን አንድ ብቻ ቀርቶ አምስት ሰው እየተቀባበለው ይጫወታል! ምን ዓይነት ስግብግብነት እንጻፍ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ሳጥኑን ክፈቱት።

ሰዓት ያዡ እጁን አነሳ። የቀረውን በሩጫ።

ክብደት። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛው እትም ደንብ 50 የወርቅ ሳንቲሞች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ። አንድ ሺህ ወርቅ ማለት ወደ 9 ኪሎ ነው። ይህን ደንብ ሁላችንም እንዘለዋለን። ለዚህ ጀብዱ አትዝለሉት። ዘጠኝ ኪሎ ጤፍ ተሸክማችሁ ታቦር ተራራን ውጡና ንገሩኝ። ድልድዩ እየተሰበረ ሻንጣውን የማይጥል ተጫዋች ማየት ደስ ይላል።

ዋጋ። ወርቅ የሚገዛው ነገር ከሌለ ወርቅ ቁጥር ነው። በመንደሯ ውስጥ ሦስት የሚያጓጓ ነገር አስቀምጡ፣ ለሁለቱ የሚበቃ ገንዘብ ስጡ።

ቅጣት። የተረገመ ቀለበት፣ ወደ ሐውልት የሚለወጥ ሌባ፣ ተዉኝ። ያ የጌም ማስተሩ ቁጣ ነው። ባዶውን ፌስታል ማሳየት በቂ ነው።

ረቂቃችሁን ማሻሻል የምትፈልጉ እስከ ቅዳሜ መልሳችሁ አምጡ። ዘንዶውን መተው ያቃተው ይያዘው፣ ግን የሚሳሳለት ነገር ይስጠው።

ጨረስኩ። በሩ አጠገብ ሻይ አለ። ሳምቡሳም አለ፣ ትሪው ተሸፍኗል። እኛ 31 ነን፣ ሳምቡሳው 34 ነው። በተራ ግቡ፣ ክዳኑን እያነሳችሁ ውሰዱ። የሚያይ የለም። መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ።