ሰንደቅ ዓላማችን በጎጃም በኩል ሲመለስ

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ጥምቀት። ታቦት የሚያጅቡ ወጣቶች፣ በየእጃቸው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ]

ጤና ይስጥልን ወገኖች! ጎጃም ውስጥ ታቦት ሲወጣ የማይጠፋው ይህ ሰንደቅ ዓላማ፣ በአንድ ዘመን ከአደባባያችን ወርዶ ነበር። ሲመለስ የገባው በእኛ በኩል ነው።

መጀመሪያ ስለ መልኩ ጥቂት እንበል። ሦስቱ ቀለማት ቀድሞ ለየብቻ የሚውለበለቡ ጨርቆች ነበሩ። በ1890 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአንድ ሰንደቅ ላይ ተገናኙ። አባቶቻችን ቀለማቱን ከኖኅ ቃል ኪዳን፣ ከቀስተ ደመናው ጋር ያያይዟቸዋል። የ2001ዱ አዋጅ ደግሞ አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩ ለነጻነት የተከፈለ መሥዋዕትነት ምልክት ነው ይላል። በመሃሉ ያረፈው ዓርማ ከመንግሥት መንግሥት ተለዋውጧል፤ ዘውድ የደፋው አንበሳ ሄዶ፣ ከ1988 ወዲህ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ መጥቷል። ስለ ዓርማው ሰው ዛሬም ይከራከራል። ቀለማቱን ግን የነካ መንግሥት የለም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

[ካርታ፦ ከሱዳን ድንበር እስከ ደብረ ማርቆስ]

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ሰንደቃችን ወርዶ የእሱ ተሰቀለ። ጎጃም ላይ ግን እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ ዱር ቤቴ ብለው ጠላትን ከምሽጉ ራቅ ብሎ እንዳይሄድ አድርገው ያዙት። ገጠሩ በአርበኛ እጅ ነበር፤ ድንበሩም ከሱዳን ይገናኛል። በስደት የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም በኩል መምጣታቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀኑ ጥር 12፣ 1933 ነበር። ቃና ዘገሊላ! የጎጃም አርበኛ በየዱሩ ጥምቀትን ባከበረ ማግስት ማለት ነው። ቦታው ኦሜድላ፣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ በጋ ሲሆን ውኃው የሚደርቀው የዲንደር ወንዝ አጠገብ። ከተማ የለም፣ አደባባይ የለም፤ አሸዋና ቁጥቋጦ ብቻ። እዚያ በረሃ ላይ ሰንደቁ ተተከለ፤ አንበሳው ያለበት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወደ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ቀላል አልነበረም። የጭነት መኪናዎቹ ከቁጥቋጦና ከድንጋይ ጋር እየታገሉ ሄዱ። ስንቅ የጫኑት ግመሎች ደጋውን አልቻሉትም፤ ብዙዎቹ በየመንገዱ ቀሩ። ጉዞው በላያ ተራራን ይዞ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጎ፣ መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን በገባበት ዕለት በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሰንደቁ አዲስ አበባ ላይ ከፍ አለ።

ሚያዝያ 27ን ሀገሩ ሁሉ የድል በዓል ብሎ ያከብራታል፤ ይገባታልም። ጥር 12ን ግን የጎጃም ልጆች እንኳ ስንቶቻችን እናውቃታለን? በየትምህርት ቤቱ፣ ጠዋት ሰንደቅ በሚሰቀልበት ሰዓት፣ መምህራን የኦሜድላን ነገር ቢያነሡልን እወዳለሁ።