«ዋይፋዩን አጥፍተህ ሞክር» እስከ መቼ?

እንደምን አረፈዳችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ከኋላ የተቀመጣችሁ የደንበኛ ድጋፍ ልጆች፣ ለብቻ የጠራኋችሁ የዛሬው ጉዳይ ከማንም በላይ የሚነካው እናንተን ስለሆነ ነው። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ በሞባይል ኔትወርክና በዋይፋይ መካከል ያለው ሃንድኦቨር፣ ማለትም ስልኩ ግንኙነቱ ሳይቆረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ፣ የት ደረሰ የሚል ነው። የት እንደደረሰ እናገራለሁ፣ ግን ብዙው አብረን ያየነው ነገር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ። እኔን እዚህ ያቆመኝ አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም፦ «ዋይፋዩን አጥፍተህ ሞክር»።

እስቲ ይሄን ነገር ቆም ብለን እናስበው። ሰውየው እያወራ ከቤት ወጣ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ እኛ ደሞ ዋይፋይህን አጥፋ አልነው። ታዲያ ሃንድኦቨሩን ማን ሰራው? ሰውየው በጣቱ ነዋ! መኪና ውስጥ ሆኖ ከታወር ወደ ታወር ሲያልፍ ማንም ምንም አጥፋ አይለውም። ስልኩ የጎረቤት ታወሮችን እየለካ ሪፖርት ይልካል፣ ኔትወርኩ ይወስናል፣ አዲሱ ታወር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ አይፒ አድሬሱም፣ የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ማለት ነው፣ እንዳለ ይቀጥላል። ይሄን በደንብ ሰርተነዋል፣ ልንኮራበትም ይገባል። በር ላይ ስንደርስ ግን እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ ግን ልበለው። ዋይፋይ ላይ መቼ ልልቀቅ የሚለውን የሚወስነው ስልኩ ነው፣ ስልኩ ደሞ የያዘውን መልቀቅ አይወድም፣ ሲግናሉ ከማይነስ 80 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች ወርዶ እያንዳንዱ ፓኬት፣ እያንዳንዱ የዳታ ቁራጭ፣ እየተደጋገመ እየተላከ እንኳን ስክሪኑ ላይ ያቺ የዋይፋይ ምልክት አለች፣ ተገናኝቻለሁ ይላል። መጨረሻ ላይ ሲለቅ ደሞ በሌላ ኔትወርክ በሌላ አይፒ አድሬስ ነው የሚመጣው። ቲሲፒ፣ ዳታው የሚላክበት ደንብ፣ ኮኔክሽኑን የሚያውቀው በሁለቱ ወገን አድሬሶችና በሁለቱ ፖርቶች (የበር ቁጥሮች) ነው፣ አንዷ ከተቀየረች ለሰርቨሩ፣ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ኮምፒውተር፣ ሌላ ሰው ነው የመጣው። የድሮው ኮኔክሽን ሞቷል ብሎ የሚነግረው ስለሌለ መልስ ይመጣል እያለ የሚጠብቅበትን ጊዜ በእጥፍ በእጥፍ እየጨመረ እየደጋገመ ይልካል፣ ተጠቃሚው የሚያየው ግን የምትሽከረከር ክብ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባታችን ታመው እህቴ ቤት ነበሩ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። እህቴ በአንድ የህክምና አፕ ሐኪም አግኝታ በቪዲዮ እያሳየችው ነው፣ ሐኪሙም በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ ተረጋግቶ እንዲህ አስቀምጫቸው፣ ከንፈራቸውን አሳዪኝ፣ ትንፋሻቸውን ቁጠሪ እያለ ይመራታል። ከዛ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ እኔ ከመስመሩ አልወርድም፣ መንገድ ላይ የምታደርጊውን እነግርሻለሁ አላት። ደግፋ ይዛቸው ወጣች፣ ስልኩ በአንድ እጇ ነው። ግቢው መሀል ላይ ምስሉ ደረቀ፣ ቀጥሎ ድምፁ እንደሮቦት ሆነ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ስልኩ የቤቱን ዋይፋይ በአንድ ፍንጣሪ ሲግናል ይዞ ሙጭጭ ብሏል፣ ሞባይል ዳታው ደሞ እዛው ስልኩ ውስጥ፣ ሙሉ ሲግናል፣ ሂሳቡ ተከፍሎበት፣ ያለ ስራ ተቀምጧል! መኪናው ተነስቶ ሲርቅ ዋይፋዩ እንደምንም ለቀቀና ስልኩ ወደ ዳታ ዞረ፣ እህቴም ተመስገን ብላ አፑን ስትከፍተው ምን ቢላት ጥሩ ነው፣ አድሬስዎ ስለተቀየረ ለደህንነትዎ ሲባል ወጥተዋል፣ እንደገና ይግቡ፣ በቴክስት የላክነውን ኮድ ያስገቡ። አንድ እጇ አባቷን ደግፎ፣ ሹፌሩ እየጮኸ፣ እሷ ኮድ እየፈለገች። ኮዱን ስታስገባ የተመደበላት ሌላ ሐኪም ነው፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ስማቸው ማነው፣ እድሜያቸው ስንት ነው...

አባታችን እግዚአብሔር ይመስገን ድነዋል። እኔ ግን ለድርጅቱ ደውዬ ነገርኩ፣ ሙያዬንም ገልጬ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸም አስረድቼ። የመጣልኝ መልስ ምን መሰላችሁ? ደንበኛዋ ከቤት ሲወጡ ዋይፋያቸውን ቢያጠፉ ይመከራል!

ይመከራል? አባቷ እጇ ላይ ትንፋሽ እያጠራቸው ያለች ሴት ዋይፋይ ማጥፋት እንድታስታውስ ይመከራል? ይሄ መልስ አይደለም! ይሄ የኛን ስራ ለበሽተኛ ቤተሰብ ማሸከም ነው፣ እኔ ከዛ ቀን ወዲህ ይሄን አረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ እናንተም እንዲፈላባችሁ ነው የመጣሁት።

ቴክኖሎጂው አልደረሰም የሚል ካለ እስቲ አብረን እንየው። መሳሪያው ኔትወርክ ቢቀይርም አድሬሱን ይዞ እንዲቀጥል የሚያደርገው ሞባይል አይፒ ስታንዳርድ ሆኖ የወጣው በ1996 ነው፣ ያኔ የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ ራሱ ገና አልወጣም ነበር፣ እሱ የ1997 ነው። የቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል ግንኙነት) መስመር ሳይፈርስ አድሬስ እንዲቀየር የሚያደርገው ሞባይክ በ2006 ወጣ። በተለያዩ ኔትወርኮች መካከል ለሚደረግ ሃንድኦቨር ብቻ ተብሎ የተጻፈው 802.21 የሚባለው ስታንዳርድ የ2008 ነው፣ ስንቱ ምርት ውስጥ ገባ? አልገባም ማለት ይቀላል። መልቲፓዝ ቲሲፒ በ2013 ወጣ፣ እዛው ዓመት አፕል አይኦኤስ 7 ላይ ለድምፅ ረዳቱ ለሲሪ ተጠቀመበት፣ አንዱን ኮኔክሽን በዋይፋይም በሞባይልም ባንድ ጊዜ ይዞ። ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከርነል (እምብርት) ውስጥ ደሞ ከ2020 ጀምሮ አለ። ኩዊክ የሚባለው ሌላው የዳታ መላኪያ ደንብ በ2021 ስታንዳርድ ሲሆን ኮኔክሽኑን የሚያውቀው በአድሬስ ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር ነው፣ አድሬሱ ሲቀየር ሰርቨሩ አዲሱን መንገድ ፈትሾ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። የሞባይል ኔትወርክ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ስሪጂፒፒም ሪሊዝ 16 በሚባለው እትሙ ላይ ሁለቱን መንገድ ባንድ ላይ የሚያስተዳድር ስርዓት አስገብቷል። ዋይፋይ ኮሊንግ ላይማ ሰርተን አሳይተናል፣ ጥሪው በኢንክሪፕትድ ተነል (በተመሰጠረ መስመር) ወደ ኦፕሬተሩ ኮር (ዋና ኔትወርክ) ይገባል፣ ስትወጣ ያው አይፒ አድሬስህ ሳይቀየር ወደ ቮልቲኢ፣ በ4ጂ ወደሚሄደው የድምፅ ጥሪ፣ ያልፋል። የቮልቲኢ ሽፋን በሌለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ እሱም ቢሆን የታወቀ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የጎደለን ስታንዳርድ አይደለም። የጎደለው ይሄ የኔ ስራ ነው የሚል ሰው ነው። ኦፕሬተሩ ዋይፋዩ የኔ አይደለም ይላል፣ የዋይፋዩ ባለቤት ሰውየው ከግቢ ከወጣ አያገባኝም ይላል፣ ስልክ ሰሪው አፑ ነው ይላል፣ አፕ ሰሪው ኔትወርኩ ነው ይላል። ሰርቨር የምትሰሩ ልጆች፣ የሎግኢን ሴሽንን ከአይፒ አድሬስ ጋር የምታስሩት ለምንድነው? ለደህንነት ነው ካላችሁኝ ስልክ በሚባል ነገር ላይ አድሬስ መቀየር ሌብነት አይደለም፣ ሰው መራመዱ ነው፣ ለዛ ቶክን፣ የገባውን ሰው የሚያሳውቅ ዲጂታል ማለፊያ፣ አለ፣ የመሳሪያው ቁልፍ አለ። ሎድ ባላንሰር (ስራውን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን) የምታስተዳድሩ፣ የኩዊክን መለያ ቁጥር ሳታነቡ በአድሬስ ብቻ የምትመድቡ ከሆነ ፓኬቱ ሌላ ሰርቨር ጋ ይሄድና ይሞታል፣ ያ ሁሉ ዲዛይን ለምን ደከመ? ፋየርዎል (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) ላይ ያላችሁ ደሞ፣ ዩዲፒን፣ ሁለቱም የሚጓዙበትን ደንብ፣ በጅምላ ስትዘጉ ኩዊክንም ዋይፋይ ኮሊንግንም ባንድ ላይ እየዘጋችሁ ነው።

ሰው ሲራመድ ሁለተኛውን እግር ሳይተክል የመጀመሪያውን አያነሳም፣ ስልኩም እንደዛ ይሁን ነው የምለው። ዋይፋዩ መዳከም ሲጀምር፣ ገና ሳይሞት፣ ሞባይሉ ይነሳ፣ ጥሪው በሁለቱም ይሂድ፣ ከዛ ደካማው ይለቀቅ። ውሳኔውም በሲግናል አሞሌ ሳይሆን ፓኬቱ በትክክል እየደረሰ ነው ወይ በሚለው ይሁን። ለንግግር ከአፍ እስከ ጆሮ 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው ጥሩው ገደብ፣ ስልኩ ግን ይሄ ዋይፋይ አይሆንም ብሎ እስኪወስን ሰከንዶች እየሄዱ ነው።

ዳታ ይበላል፣ ባትሪ ይጨርሳል የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እውነትም አለበት፣ ሰው ሳያውቀው ሂሳቡን መብላት ነውር ነው። ግን የድምፅ ጥሪ እኮ በሰከንድ ጥቂት አስር ኪሎቢት ነው፣ ሙሉ ፊልም አይደለም። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ ሁሌም ይሻገር፣ ለዳውንሎድ ሰውየው ፈቅዶ ገደብ ያስቀምጥ፣ አለቀ። እዛና እዚህ እንዳይመላለስም በመልቀቂያውና በመመለሻው ገደቦች መሀል ክፍተት መተው ነው፣ ታወር ላይ ስንሰራው የኖርነው ነገር ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ስልክ፣ ራውተር ወይም የጥሪ አፕ ከመረከባችን በፊት አንድ ሰው ጥሪ ከፍቶ ከህንፃው ይውጣ፣ ተመልሶም ይግባ፣ ከተቆረጠ አንረከብ። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያ አረፍተ ነገር ከድጋፍ ስክሪፕታችን ላይ ይሰረዝ፣ በምትኩ የስልኩ ሞዴል፣ የዋይፋዩ ሲግናልና ሰዓቱ ተመዝግቦ ወደ ኢንጂነሪንግ ይምጣ፣ ደንበኛው መፍትሄ ይጠብቅ እንጂ ጥፋተኛ አይሁን።

የምትቃወሙ ካላችሁ ሻይ ላይ አትንገሩኝ፣ እዚሁ ተነሱና ተናገሩ፣ ማይኩ ይኸው።